የእንቁራሪቶቹ አስታማሚ

«ታማሚዎቹ የት አሉ?» አሉ መምሬ ኃይለ ሚካኤል፣ በሩ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

እናኑ መወልወያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ከመወልወያው የሚንጠባጠበው ውኃ ጫማዋ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

«የምን ታማሚ አባ?»

«እንዴ! የምን ታማሚ ትይኛለሽ? ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ግንቡን ተደግፈሽ ‹ግማሾቹ አለቁብኝ፣ የቀሩትም አልበላ ብለዋል› እያልሽ ስታለቅሺ ወለተ ሚካኤል ሰምታሻለች። እኔም ይህች ሴት ዘመድ ታሞባት፣ ሰው ሳትጠራ ብቻዋን ስትንገላታ ነው ለካ ብዬ፣ ጠበሉንም መስቀሉንም ይዤ ጭቃውን እያቦካሁ መጣሁ። በይ አሳዪኝ። ተላላፊም ቢሆን ግድ የለም፤ እኔ እንደሆን አርጅቻለሁ።»

እናኑ አንገቷን ደፋች። ወለተ ሚካኤል የሰፈራችን ሴት ናት፤ አንድ ነገር ከሰማች ጎዶሎውን ራሷ ሞልታ ነው የምታስተላልፈው፣ ክፋት የላትም። እናኑ መዋሸቱንም እውነቱን መናገሩንም አፈረችና ቀድማ ገብታ የውስጡን በር ከፈተችላቸው።

በክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተከትለው የመስታወት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በየሣጥኑ ውስጥ ውኃና ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ እንቁራሪቶች ተቀምጠዋል። ጤነኛ እንቁራሪት ሰው ሲጠጋው ዘሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እነዚህ ግን ቆዳቸው እንደ አሮጌ ከረጢት ጎናቸው ላይ ተሸብሽቦ፣ ዓይናቸውን ግማሽ ከድነው፣ የመጣው ይምጣ ብለው ተቀምጠዋል።

መምሬ መነጽራቸውን አወጡ። አጎነበሱ። አንዱን ሣጥን አይተው ወደሚቀጥለው አለፉ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው አባ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሰውማ የለም።»

መምሬ ቀና ብለው አዩዋት። ሊስቁ ጢማቸው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ ዓይኗን ሲያዩት ተዉት።

«ልጄ፣ እነዚህ እኮ ለፈርዖን መቅሠፍት ሆነው የወጡ ናቸው። ያን ጊዜ ሞተው ምድሪቱ ስትሸት አንድም ሰው አላለቀሰላቸውም።»

«እኔ የፈርዖንን አላውቅም አባ። እነዚህ የአሠሪዬ የፀደይ ናቸው።»

«እሱስ ነው» አሉ መምሬ። የጠበሉን ኮዳ ከፈቱና ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ የእናኑን ፊት ረጭ አደረጉት። «ቤቱንና አንቺን ባርኬያለሁ። ለእነሱ የተጻፈ ጸሎት አላገኘሁም። ግን አስታማሚ ሲበረታ ታማሚም ይበረታል። አንቺ በርቺ።»

እናኑ ይህችን ቃል እንደ አደራ ተቀበለቻት። ሰፈሩም ተቀበላት፤ በማግሥቱ እናኑ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ስሟ ተለውጦ ጠበቃት። «የእንቁራሪት አስታማሚ፣ ደኅና አደርሽ? ልጆቹስ?» ይላታል ያገኛት ሁሉ። እሷም መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለመደች።

ነገሩ የመጣው ከሩዙ ነው። ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ሜዳው ውኃ ብቻ አልነበረም የሚሞላው፤ የእንቁራሪት ጩኸትም ይሞላው ነበር። አዲስ ሙሽራ እንኳ እንቅልፍ አጥቶ በማለዳ ሲነሳ ሰው በእንቁራሪት ያመካኝለት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ገበሬው «ድምፃቸው ሳሳ» ማለት ጀመረ። አንዱ በሚረጨው የአረም መድኃኒት ያሳብባል፣ ሌላው በዘመኑ።

ፀደይ ይህን ልታጣራ የመጣች ልጅ ናት። የሐሙሲት ልጅ፣ ባሕር ዳር የተማረች፣ ቀጭን፣ ችኩል፣ ስታስብ ጥፍሯን የምትነክስ። ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ያለውን ባለቆርቆሮ ቤት ተከራይታ፣ ማይክሮስኮፕ አስገብታ፣ ላቦራቶሪ አደረገችው። መድኃኒቱ እንቁራሪት ይገድል እንደሆነ ለማወቅ አስቀድሞ ጤነኛ እንቁራሪት ማርባት ያስፈልጋል ትላለች፤ የታመመውማ ቢሞት ገዳዩ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እንቁራሪቶቹን የሚያመጣላት ማርቆስ የሚባል የሩዝ ገበሬ ነው። ማርቆስ ቀልዱ ደረቅ ነው፤ ራሱ አይስቅም። የመጀመሪያዎቹን በባልዲ አምጥቶ ሲያስረክባት «ለበዓል ነው ወይስ ለዘር?» ብሎ ጠይቋታል።

እናኑን የቀጠረቻትም ፀደይ ናት። እናኑ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷ ለባሏ ወንድሞች ሄዶ፣ የሰው ሩዝ እያረመች ነው የኖረችው። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዋል ግን በቀኝ እግሯ ገባ። እግሯ አበጠ፣ ከጉልበቷ በታች ደነደነ፣ ማታ ማታ እንደ ከሰል ያቃጥላት ጀመር። ወንዛዬ ወርዳ ፍል ውኃ ውስጥ ስትነከር ሰነበተች፤ እዚያ ሳለች ይተዋታል፣ ጭቃው ውስጥ ስትመለስ ይመለስባታል። የጤና ጣቢያው ሰው «ከጭቃ ውጪ፤ ካልሆነ ይህ እግር አንድ ቀን አልነሳም ይልሻል» አላት። ከጭቃ መውጣት ለእሱ ቃል ነው፤ ለእናኑ ግን የሚወጡበት ቤት ያስፈልጋል። ያ ቤት የእንቁራሪት ቤት ሆነላት። ሲሚንቶ ወለል፣ ቦቲ ጫማ፣ ስታርፍ የምትቀመጥበት ዱካ። ይህ ቤት ከተዘጋ የምትመለሰው ወዴት እንደሆነ እግሯ ራሱ ያውቅ ነበር።

እናም ሥራዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ፌንጣና ትል ታመጣለች፣ ሣጥን ታጥባለች፣ ውኃ ትለውጣለች። በዚህ በውኃው ነገር ግን አንድ የራሷ ዘዴ ነበራት።

መጀመሪያ ሰሞን ፀደይ የሣጥኖቹን ውኃ ጠቅላላ አስደፍታ፣ አዲሱን ከቧንቧ ስታስሞላ፣ እንቁራሪቶቹ መስታወቱን እየተጋጩ አድረው ጠዋት አንዳንዶቹ ተንጋለው ተገኙ። ፀደይ ጥፍሯን ነከሰችና «የቧንቧው ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ማደር ነበረበት። የእኔ ጥፋት ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ውኃው በጀሪካን እንዲያድር ተደረገ። እናኑም አሳደረች። ግን በልቧ ያለችው ሌላ ነው። አዲስ ውኃ ባዶ ነው። ሊጥም ያለ እርሾ ቢያቦኩት ባዶ ነው፤ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ይገረማል። የትላንቱ ጥቂት ሲገባበት ነው ነገሩ ትዝ የሚለው። ስለዚህ ሣጥን ከማጠቧ በፊት ከአሮጌው ውኃ ትቀዳና በዘይት ጀሪካን ታስቀምጣለች፤ አዲሱን ከሞላች በኋላ ለየሣጥኑ ከእሱ አንዳንድ ጣሳ ጠብ ታደርግለታለች። ከዚያ ጀሪካኑን መልሳ ትሞላለች፣ ለሚቀጥለው። እንቁራሪቶቹም ረጉ። መጋጨት ተዉ። ስለረጉ ደግሞ እናኑ ልክ መሆኗን አወቀች።

ለፀደይ አልነገረቻትም። ደብቃ አይደለም፤ ሊጥ ያቦካች ሴት እርሾ መጨመሯን ለማን ትናገራለች?

ሐምሌ ሲገባ አንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት መክሳት ጀመሩ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከዚያ ሌላው። ፌንጣው ፊታቸው ላይ ይዘላል፣ እነሱ ያዩታል፣ አይነኩትም። ኩሳቸው ደም የነካው ዝልግልግ ሆነ። ፀደይ በመስታወት ቁራጭ ላይ ለቅልቃ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

«እትዬ እናኑ፣ ነይ እዪ።»

እናኑ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ቅጠል የመሰለ ነገር፣ ጠርዙ ሁሉ እንደ ሐር ዘርፍ እየተርገበገበ፣ ወዲያ ወዲህ ይዋኛል። ውብ ነበር።

«ኧረ በስመ አብ! ይኼ ነው የሚፈጃቸው?»

«አይደለም። ይኼ ምንም አይላቸውም፣ ሆዳቸው ውስጥ እንግዳ ሆኖ ነው የሚኖር። ጥጉ ላይ ያለውን እዪ። ያ ፍዝዝ ያለው።»

እናኑ ፈለገች። ጥጉ ላይ እንደ ተተፋ ምራቅ ያለ፣ መልክ የሌለው ነገር አለ። ቀስ ብሎ አንድ ጎኑን ገፋ፣ ተወው፣ ሌላውን ገፋ።

«ይኼ ሰነፍ መንቀሳቀስ እንኳ አቅቶት ሌላ ይገድላል?»

«አሜባ ነው።»

እናኑ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። «አሜባ? ይኼ እኛን የሚይዘን አሜባ?»

«የእሱ ዘመድ። የእንቁራሪት።»

«ታዲያ እኛ እዚህ ወረታ ያለን ሰዎች ሁላችን አለብን እኮ! ወለተ ሚካኤል ካለ አሜባ የኖረችበትን ቀን አታውቅም፣ ይኼው ከሁላችን በላይ ትናገራለች።»

ፀደይ ሳቀች፤ ሳምንት ሙሉ ሳትስቅ ቆይታ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አስረዳቻት። አሜባው አንጀታቸውን እየበላ ያቆስላል። ክፉነቱ ደግሞ ሲወጣ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ በውኃ ውስጥ ሳይሞት ይሰነብታል፣ የዋጠው ሆድ ውስጥ ሲገባ ይነቃል። በሜዳው ውኃው ሰፊ ነው፣ ዝናብ ያጥበዋል። እዚህ ግን ሣጥን ነው፤ በጠባብ ቦታ አንዱ የጣለውን ሌላው ይውጣል።

መምሬ ኃይለ ሚካኤል የመጡት ይህ በሆነ ሰሞን ነበር።

ፀደይ ባሕር ዳር ሄዳ መድኃኒት አመጣች። እናኑ ክኒኑን ስታየው አወቀችው፤ እሷም ውጣዋለች፤ ምሬቱ ከአፍ አይወጣም። «እነዚህ ምስኪኖች ምን በደሉ!» እያለች እንቁራሪቶቹ በተበጠበጠው መድኃኒት ሲነከሩ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆመች። አንዳንዶቹ የዳኑ መሰሉ፤ ተመልሰው ወደቁ። የሞቱትን ፀደይ እየቀደደች ታያለች፣ እናኑ ከጓሮ ትቀብራለች። «ጥልቅ አድርጊው» ብለዋታል መምሬ በመንገድ ሲያልፉ፤ «ውሻ ካወጣው ወለተ ሚካኤል ለቀስተኛ ትጠራብሻለች።»

ነሐሴ ሲገባ ፀደይ እንደ አዲስ ለመጀመር ቆረጠች። ማርቆስ ከወንዙ ማዶ፣ የአረም መድኃኒት ካልነካው ማሳ፣ ሌሎች እንቁራሪቶች አመጣ። እያንዳንዷን ለብቻ አቆይታ፣ ኩሷን ደጋግማ አይታ፣ ንጹሕ የሆኑትን ብቻ መርጣ በሌላኛው ክፍል አዲስ ሣጥን ውስጥ አስገባቻቸው። ከዚያ እናኑን ጠርታ በሩ ላይ አቆመቻት።

«እትዬ እናኑ፣ ስሚኝ። ከዚያኛው ክፍል ምንም ነገር እዚህ አይገባም። ወንፊቱም፣ መወልወያውም፣ ጓንቱም። ጫማሽ እንኳ። ዶክተር ይርዳው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ከባሕር ዳር ይመጣል። አስተማሪዬ ነው፤ ቤቱ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው እሱ ነው። እነዚህን በጤና ካያቸው ቤቱ ይቀጥላል፣ አንቺም በቋሚነት እንድትያዢ ጠይቄያለሁ። ካላያቸው እንዘጋለን። ገባሽ?»

«ገባኝ፤ እንዴት አይገባኝ!»

ገብቷት ነበር። ጫማ ለወጠች። እጇን በሳሙና እስኪላጥ ታጠበች። አዲሱን ሣጥን በበረኪና አጥባ፣ አሽትታ፣ ደግማ አጠበች። ወለተ ሚካኤል እንቁራሪቶቹን ልታይ ብላ ብቅ ስትል በሩ ላይ መወልወያ ገትራ «እንኳን አንቺ ጫማሽም አይገባም!» ብላ መለሰቻት። ወለተ ሚካኤልም እናኑ ሹመት አግኝታለች የሚል ወሬ ይዛ ሄደች።

የዘይት ጀሪካኑ ግን በኮሪደሩ ላይ፣ ከጀርባ በር ሥር ነበር። ከዚያኛው ክፍል አይደለም። ደግሞም የእናኑ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ይህ እርሾ የመጀመሪያዎቹ እንቁራሪቶች ጤነኛ ሆነው ሲንጫጩ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው፤ የደጉ ዘመን ውኃ ነው። እነዚህ እንግዶች ደግሞ ከወንዝ ማዶ የመጡ፣ ቤቱን የማያውቁ ናቸው። ለእነሱ ያልተጨመረ እርሾ ለማን ሊሆን ነው? የመምሬን ቃል አስታወሰች፣ በረታች፣ አንድ ጣሳ ቀዳችና በስመ አብ ብላ ጨመረችላቸው።

እንግዶቹም ረጉ። በሉም። በፍልሰታ ፍቺ ማግሥት አንደኛው ጉሮሮውን ነፍቶ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ጩኸት ሆነ። ፀደይ ከክፍሏ ሮጣ መጣችና እናኑን አቅፋ ዘለለች። እናኑ በዚያ እግሯ አልዘለለችም፤ ግን ሳቀች። «ዘንድሮ ጭቃ አልገባም» አለች ለብቻዋ፣ ማታ እግሯን ዘይት ስትቀባ። እግሯ ቀለል ብሏት ነበር።

ጳጉሜን ሳይወጣ አንዷ ፌንጣዋን አየችና ተወችው።

ፀደይ ያን ዕለት ኩሷን ወሰደች፣ አየች፣ ማይክሮስኮፑን አጠፋች፣ እንደገና አበራች፣ እንደገና አየች። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ማርቆስ ሳያውቅ በባልዲው ትል ይዞ በዚያ ሰዓት ደረሰ። ፀደይ ብድግ አለችበት። «ከየት ነው ያመጣሃቸው? እውነቱን ንገረኝ! ከወንዝ ማዶ ነው ብለህ ከዚሁ ከሰፈር ማሳ ነው የሰበሰብካቸው አይደል? ዝናብ ነው ብለህ ሰንፈህ!»

ማርቆስ ባልዲውን አስቀመጠ። «ወንዙን ስሻገር እስከ ደረቴ ነበር። ማስረጃ ከፈለግሽ ሱሪዬ እስካሁን አልደረቀም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«እኔ እንቁራሪት ነው ያመጣሁልሽ። ያን የምትይውን ሌላውን ነገር አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ ለእሱም ክፈዪ ብዬሽ ነበር።» ብሎ፣ ትሉን ለእናኑ ሰጥቶ ሄደ። ከኋላው ሲታይ ግን ጫንቃው ወድቆ ነበር።

እናኑ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አይዞሽ እቴ። ይህን ያህል አትዘኚ። ሌላ እናመጣለን፤ እኔ እርሾው አለኝ።»

«የምን እርሾ?»

«የውኃው እርሾ ነዋ። ከመጀመሪያ ጀምሮ ያቆየሁት። እነዚህም ቢያልቁ ለሚመጡት ይሆናቸዋል፤ አንድ ቀን አቋርጬባቸው አላውቅም።»

ፀደይ ዘወር ብላ አየቻት። «አምጪው» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

እናኑ ጀሪካኑን አቅፋ አመጣች፤ ኩራትም ነበረባት። ፀደይ ከሥሩ ካረፈው ዝቃጭ አንዲት ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። ልጅቷ ስታጎነብስ እናኑ ማጅራቷን አየችው፤ ቀጭን ነበር፣ የልጅ ማጅራት። ብዙ ቆይታ ፀደይ ወንበሩን ለቀቀች። እዪ አላለቻትም። እናኑ ራሷ ተቀመጠችና አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

የሚዋኝ ነገር የለም። ክብ ክብ፣ ጸጥ ያለ፣ እንደ ፈሰሰ ጤፍ የተዘራ ነገር ብቻ ነው ያለው። ቅርፊቱን ለብሶ፣ ተኝቶ።

ማስረዳት አላስፈለገም። እርሾ እንዴት እንደሚሠራ ለእናኑ የሚያስረዳት ሰው የለም፤ አንዱ ሊጥ ሲበላሽ ቀጥሎ ያለው ሊጥ ለምን እንደሚበላሽ፣ ከዚያም የሚቀጥለው፣ ዱቄቱ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እርሾው ነው የተበላሸ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ከቤት ቤት ያዞርኩት።»

ፀደይ የጀሪካኑን ክዳን ገጠመችው።

እናኑ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ እርጥብ ነገር ግን አልነበረባቸውም። «የተበላሸ እርሾ ሲገጥም ይደፋል፤ ቡሃቃው በፈላ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ደኅናው ከጎረቤት ይለመናል። እርሾ የሚከለክል የለም።»

«ከየትኛው ጎረቤት?» አለች ፀደይ።

እናኑ በመስኮቱ ወደ ሩዝ መፈልፈያው አየች። ገለባው ዝናብ መትቶት ጠቁሯል።

ልጅቷ ብትጮኽባት በወደደች። ብትሰድባት፣ ጀሪካኑን ግድግዳ ላይ ብትወረውረው። ፀደይ ግን አልጮኸችም፤ «መጠየቅ ነበረብኝ» አለች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ እና ስታለቅስ ላለመሰማት የውኃ ቧንቧውን ከፈተችው። እናኑ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የውኃውን ድምፅ ስትሰማ ዋለች።

ዶክተር ይርዳው በመስከረም መጀመሪያ መጣ። የአደይ አበባ በመንገዱ ግራና ቀኝ ፈንድቶ ነበር፤ እሱም ሲገባ «አቤት ፎገራ እንዴት ያምራል!» አለ። ከዚያ ሣጥኖቹን አየ። በመጨረሻው ሣጥን አንዲት ቀርታ ነበር፤ እሷም ድንጋይዋ ላይ ሆና አየችው። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «ምን ነካቸው?» አለ ብቻ።

«በውኃ ነው የገባባቸው» አለች ፀደይ። በማን እጅ እንደገባ አልተናገረችም። እናኑ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር፤ ስሟ ሲነሳ ልትል ያሰበችው ነገር ነበራት። ስሟ አልተነሳም፣ ያሰበችውም ሳይነገር ቀረ።

«እንግዲህ ዘንድሮ አልሆነም» አለ ዶክተር ይርዳው። «ከርሞ የሚሆን አይመስለኝም። ማይክሮስኮፑን እኛ እንወስደዋለን።»

ያቺ የመጨረሻዋ መኪናው ሳይነሳ ሞተች። እናኑ ቀበረቻት፣ ጥልቅ አድርጋ። ፀደይ ስትሄድ ቦቲ ጫማውን ተወችላት። «ያስፈልግሻል» ብላ፣ የተናገረችውን ራሷ ስትሰማ ደነገጠችና ፊቷን አዞረች።

እናኑ በማግሥቱ ማርቆስ ማሳ ድረስ ሄደች፤ ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛው ቀላል አልነበረም። ድንበሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ «አያ ማርቆስ፣ ያ ነገር ካንተ አልነበረም። ከኔ ነው» አለችና ስለ እርሾው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ማርቆስ ጎንበስ እንዳለ ሰማት።

«ለእንቁራሪት እርሾ» አለ ስትጨርስ። «አብሲት መጣል ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ሳቅብኝ፤ ይገባኛል።»

«መቼ ሳቅሁ?»

እውነትም አልሳቀም። ሁለተኛውን ነገር ከመናገሯ በፊት ራሱ መለሰላት፤ «በዚያ በኩል አረሙ ጠንቷል። ከዳር ያዢ፣ ከዳር ጥልቀት የለውም።»

እናኑ ቦቲ ጫማውን ልታጠልቅ ሞከረች፤ ሰሞኑን እንደገና ያበጠው እግሯ አልገባ አለ። አውልቃ ድንበሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችውና ባዶ እግሯን ገባች። ጭቃው እንደ ድሮው ነበር፤ ያውቃታል። ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፣ ከዚያ ባቷን። ከዳር እስከ ዳር ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ጎንበስ ያሉ ሰዎች ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። መምሬ ኃይለ ሚካኤል በመንገዱ በኩል አለፉ፤ ቆም ብለው አዩዋት፣ ጃንጥላቸውን ከፍ አደረጉላት፣ ስለ ታማሚዎቹ ሳይጠይቁ ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሩዙ ሥር አንዱ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። ከዚያ ከዚህም ከዚያም፣ ወፍራምም ቀጭንም፣ ሜዳው በሙሉ። እንደ ድሮው ባይሆንም ብዙ ነበሩ። አንዷ ከእናኑ እጅ አጠገብ ዘለለች፤ ወፍራም፣ ወዘናዋ የሚያበራ፣ ሆዷ የሞላ። እናኑ ቀና ለማለት ሞከረች፤ እግሯ ከለከላትና በእጇ ጉልበቷን ደግፋ ቆመች።

«አያ ማርቆስ።»

«እ?»

«ያው አሜባው እዚህ ውኃ ውስጥም አለ ብላኝ ነበር ፀደይ። እነዚህስ ለምንድን ነው የማያልቁ?»

ማርቆስ አንድ እፍኝ አረም ነቀለ። ጭቃውን አራግፎ ወደ ድንበሩ፣ ከቦቲ ጫማዎቹ አጠገብ ወረወረው።

«አስታማሚ የላቸውማ» አለ።